አዲስ ድራማ ሲጀምር ክፍል አንድን በየት እንየው? ለሰሜን ሸዋ ተመልካች የተዘጋጀ ንጽጽር

መስከረም ሲጠባ ጣቢያዎቻችን አዲስ ነገር ይዘው ብቅ ይላሉ። የቆየው ድራማ አዲስ ምዕራፍ ይጀምራል። አዲሱም «በቅርብ ቀን» እያለ ሲያጓጓን ከርሞ ይመጣል። የአሜሪካ ትልልቅ ጣቢያዎችም አዲስ ምዕራፋቸውን የሚከፍቱት በዚያው ሰሞን ነው። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላይ ባጃጅ ውስጥም፣ ቢሮም፣ ቡና ላይም ጥያቄው «አየኸው?» ነው። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል። «ወርዷል።» «ኧረ ገና ነው!» «ያቺን ልጅ ለምን ቀየሯት?»

እኔ የምለው፣ በክፍል አንድ ላይ የምንሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ የድራማው ሳይሆን ያየንበት መንገድ ፍርድ ነው። በደከመ ኔትወርክ እየቆመ እየሄደ ያየ ሰው «ታሪኩ ይጓተታል» ይላል። በመሃል መብራት የጠፋበት «ምንም አልገባኝም» ይላል። ማስታወቂያው ያማረረው ደግሞ ደራሲውን ይረግማል። ስለዚህ «ድራማው ጥሩ ነው ወይ?» ከማለታችን በፊት «በምን ልየው?» የሚለውን እንፍታ። አማራጩ በዝቷል፤ ሁሉም ለሁሉም አይሆንም።

ሰሜን ሸዋ ስል ከምንጃር እስከ መንዝ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አጣዬ ያለውን ዞን ነው። የፍቼና የገብረ ጉራቻ ሰውም ቢያነበው አይጎዳም፤ ሰማዩ አንድ ነው። የብር መጠን አልጠራም። ይህን እስክታነቡ ዋጋው ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ ሰዓት ነው። ክፍል አንድ እሁድ ማታ ቢተላለፍ እናንተ ጋ የሚደርሰው መቼ ነው? ማታውኑ? በማግስቱ? ከሳምንት በኋላ? ሰኞ ጠዋት ወሬው ውስጥ መግባት ለማይፈልግ ሰው ይህ መመዘኛ ምንም ነው። ለሚፈልግ ግን ዋናው ነው።

ቀጥሎ ወጪ። ወጪ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ፣ እና በየወሩ ወይም በየክፍሉ የሚመጣ። ሰው የሚሸወደው በሁለተኛው ነው። ሳህን ለማስተከል የሚወጣውን ብር ሳምንት ሙሉ ያሰላና፣ ለዳታ በየቀኑ የሚያወጣውን ፈጽሞ አይደምረውም።

ሦስተኛው መብራትና ኔትወርክ ነው። አንዱ ሲጠፋ የቱ ይቆማል? የቱስ ይቀጥላል?

አራተኛው ሙሉውን ማየት መቻል ነው። መጀመሪያዋ አምስት ደቂቃ ያመለጠችው ሰው መመለስ ይችላል? አዲስ ምዕራፍ ከሆነስ ያለፈውን ምዕራፍ መጨረሻ መለስ ብሎ ማየት ይቻላል? ለተመጣጠነ ፍርድ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

የመጨረሻው ከማን ጋር እንደምታዩ ነው። ብዙ ሰው አይቆጥረውም። ኮሜዲ ብቻውን ያየና ከስድስት ሰው ጋር ያየ ግን አንድ ድራማ አላዩም።

ነጻው ሳህን

ሳህን አስተክላችሁ፣ ሪሲቨር ገዝታችሁ፣ ከዚያ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ የሌለበት መንገድ ነው። በዞናችን ቴሌቪዥን ካለው ቤት ብዙው የሚጠቀመው ይሄን ነው። ክፍል አንድ በሰዓቱ፣ ጣቢያው ባስተላለፈበት ደቂቃ ይደርሳችኋል። በሰዓት የሚበልጠው የለም።

ግራ የሚያጋባው የሳህኑ አቅጣጫ ነው። ናይልሳት ያለው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት ደግሞ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት ላይ ነው። ሁለቱ ሰማይ ላይ በጣም ይራራቃሉ። ከእኛ አካባቢ ናይልሳትን የሚያይ ሳህን ወደ ምዕራብ ዞሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ኢትዮሳትን የሚያየው ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና ያደርጋል። ከመንገድ ላይ ሆናችሁ የጎረቤትን ሳህን አይታችሁ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚታይ መገመት ትችላላችሁ። (ሐሜት አይደለም፤ ጥናት ነው።)

ይህ ልዩነት ለእኛ መሬት ትርጉም አለው። ኢትዮሳት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ተራራ በቀላሉ አይጋርደውም። በጀማ ሸለቆ ዳርቻ ወይም ከጣርማ በር ሥር ወደ ደብረ ሲና ለሚኖር ሰው ጥሩ ዜና ነው። ስልክ የማይሠራበት ጉድባ ውስጥ ሳህን ጥርት አድርጎ ሊሠራ ይችላል። ናይልሳት ዝቅ ስለሚል በምዕራብ በኩል ያለ ፎቅ ወይም ያደገ ባሕር ዛፍ ሊጋርደው ይችላል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በዓመት ምን ያህል እንደሚያድግ የምታውቁት ነው። ካቻምና ይሠራ የነበረ ሳህን ዘንድሮ «ሲግናል የለም» ካለ ሪሲቨሩን ከመክሰሳችሁ በፊት አጥሩን ተመልከቱ።

ሁለቱንም የሚፈልግ ቤተሰብ ወይ ሁለት ሳህን ይተክላል፣ ወይ ሳህን የሚተክለውን ባለሙያ በደንብ ይጠይቃል። አሮጌ ኤስዲ (ዝቅተኛ ጥራት ብቻ የሚያሳይ) ሪሲቨር ያላችሁ ደግሞ ይህንን እወቁ፦ በኤችዲ የሚተላለፍ ቻናል አይከፍትላችሁም። አዲሱ ድራማ የሚጀምርበት ጣቢያ ሪሲቨራችሁ ላይ መኖሩን ከሳምንት በፊት ፈትሹ። በዕለቱ ማታ ቻናል ሰርች ማድረግ መጀመር ቤተሰብ ያጣላል።

ድክመቱ ሦስት ነው። አንደኛው ዝናብ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ፣ በተለይ በረዶ የቀላቀለው የደብረ ብርሃን ዝናብ ሲወርድ ምስሉ ይሰባበራል። ይሄ የሳህናችሁ ችግር ብቻ አይደለም፤ በዚህ የሞገድ ክልል የሚመጣ ስርጭት ሁሉ በከባድ ዝናብ ይዳከማል። ሳህኑ በደንብ ከተስተካከለ ግን ቶሎ አይቆረጥም። ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። ሦስተኛው መመለስ አለመቻሉ ነው፤ ያመለጠ አመለጠ፣ ድጋሚውን መጠበቅ ነው።

ለሦስተኛው መፍትሔ አለው፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። ብዙ ሪሲቨሮች የዩኤስቢ ቀዳዳ አላቸው። ፍላሽ ሰክታችሁ የሚተላለፈውን መቅዳት፣ እንዲያውም ሰዓት ሞልታችሁ እራሱ እንዲቀዳ ማድረግ የሚችሉ አሉ። የሪሞቱን ቁልፎች ተመልከቱ፤ ቀይ ነጥብ ያለባት ቁልፍ ካለች ምናልባት ሀብታም ናችሁ።

መብራትን በተመለከተ፣ ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከሪሲቨሩ ጋር የሚፈልገው ኃይል ብዙ አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከ40 እስከ 65 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ አነስተኛ ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ቤት፣ ወይም በሶላር የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ቴሌቪዥን ያለው የገጠር ቤት፣ አንድ ክፍል ድራማ ሳይቋረጥበት ያያል። መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ ሶላር ያስገባ ሰው በዚህ ከከተሜው ይሻላል።

በወር የሚከፈልበት ዴኮደር

ዲኤስቲቪና መሰሎቹ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያስገባው ለኳስ ነው፤ ድራማው በትርፍነት የሚመጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቀይሯል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ አቦል ቲቪ በዚያው በኩል ስለሚታይ፣ ለእሱ ተብለው የተሠሩ የአማርኛ ተከታታይ ድራማዎች ክፍል አንዳቸውን እዚያ ይጀምራሉ። ነጻ ሳህን ላይ ብትጠብቋቸው አይመጡም።

ጥሩ ጎኑ ድጋሚው ብዙ መሆኑ ነው፤ ማታ ያመለጠ በማግስቱ ይገኛል። ምስሉም ጥሩ ነው። ዝናብ ላይ ከነጻው ሳህን የተለየ ጀግንነት የለውም። ባትሪ ከሌለ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል።

ወጪው ላይ ግን ቁጭ ብላችሁ አስሉ። በሳምንት አንድ ቀን የሚተላለፍ ድራማ በወር 4 ክፍል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚተላለፍ ደግሞ በወር ከ20 በላይ ነው። ለአንድ የሳምንት ድራማ ብሎ ወርሃዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው ክፍያውን ለአራት ያካፍል፤ የአንዱ ክፍል ዋጋ ያስደነግጠዋል። ለዕለታዊ ድራማ ግን ያው ክፍያ ለሃያ ሲካፈል ከአንድ ስኒ ማኪያቶ ሊያንስ ይችላል። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፦ የሳምንቱ ድራማ እስኪጠራቀም ጠብቁና ጣቢያው በተከታታይ ሲደግመው በአንድ ወር ክፍያ ጨርሱት። ክፍል አንድን በዕለቱ ካላየሁ የምትሉ ብቻ ከመጀመሪያው ክፈሉ። ክፍያው የሚያልቅበትን ቀን ደግሞ አረጋግጡ። የመጨረሻው ክፍል ዋዜማ ላይ ሲቆረጥ ያለው ንዴት ከየትኛውም ድራማ ይበልጣል።

ዩቲዩብ በስልክ

ብዙ ጣቢያዎችና ፕሮዳክሽኖች ክፍሉን ካስተላለፉ በኋላ በራሳቸው ዩቲዩብ ይጭናሉ። አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዱ በማግስቱ፣ አንዳንዱ ከቀናት በኋላ። አንዳንዱም ጨርሶ አይጭንም። ስለዚህ «ዩቲዩብ ላይ አየዋለሁ» ከማለታችሁ በፊት ያ ጣቢያ ያለፈውን ድራማ መቼ ይጭን እንደነበር ተመልከቱ።

ትልቁ ጥቅሙ መመለስ መቻል ነው። «ምን አለ?» ያላችሁበትን ቦታ አሥር ሰኮንድ ወደኋላ ትመልሳላችሁ። አዲስ ምዕራፍ ሊጀምር ሲል ያለፈውን የመጨረሻ ክፍል ታያላችሁ። ለጥሩ ፍርድ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም።

ወጪው በዳታ ነው። በግምት ለማስላት፣ በ360 ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 300 ሜጋ ባይት ይበላል። በ480 ወደ 500 ይጠጋል። በ720 ከአንድ ጊጋ ያልፋል። ዩቲዩብ ጥራቱን እራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ምሽት ሳታውቁት ፓኬጃችሁን ይጨርሳል። ባለ ጥርስ ጎማ የምትመስለውን የሴቲንግ ምልክት ነክታችሁ 360 ላይ ቁረጡት። ለአምስት ኢንች ስክሪን ይበቃል። ሌሊት ለሚያነጋ ሰው የሌሊት ጥቅል ይሻለዋል፤ የሚሠራበትን ሰዓት *999# ላይ አረጋግጡ።

ሁለት ወጥመድ አለበት። አንዱ የውሸት «ክፍል 1» ነው። አዲስ ድራማ በተነገረ ማግሥት «ሙሉ ክፍል» የሚል ቪዲዮ ይዘንባል። ሲከፈት ማስታወቂያውን ደጋግሞ የሚያሳይ ወይም አንድ ሰው ፎቶ ላይ የሚያወራበት ነው። ርዝመቱን ተመልከቱ፤ የጣቢያው ይፋዊ ገጽ መሆኑንም አረጋግጡ። ሌላው ወጥመድ አስተያየት መስጫው ነው። ቪዲዮው ሳያልቅ ወደታች ወርዶ ያነበበ ሰው የራሱ አስተያየት አይኖረውም። ማን እንደሞተም እዚያው ያውቀዋል።

ኔትወርኩን በተመለከተ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ መሆንና አንኮበር ቁልቁለት ላይ መሆን አንድ አይደለም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበርም እናስታውሳለን። ያኔ በስልክ ብቻ የሚያይ ሰው ምዕራፉ ሙሉ አምልጦታል፤ ሳህን ያለው ግን አልቀረበትም። ስልክን ብቸኛ መንገድ ማድረግ ለዚህ ዞን አይመከርም የምለው ለዚህ ነው።

ቴሌግራም፣ ፍላሽና ሚሞሪ

አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው በዜንደር (ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ዳታ ፋይል በሚያስተላልፈው አፕ) ይቀበላል፤ ዳታ የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወይም ፊልም የሚጭን ሱቅ ሄዶ ፍላሽ ማስሞላት ነው። ወጪው ትንሽ፣ ከገባ በኋላ ኔትወርክ አያስፈልገው፣ ስልክ ቻርጅ ካለው መብራትም አያስፈልገው። ሸዋ ሮቢት በሙቀቱ ደጅ ተቀምጦ፣ መንዝ በብርዱ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ማየት ይቻላል።

ግን ለክፍል አንድ አይሆንም። ቶሎ አይደርስም፤ ከደረሰም ከቴሌቪዥን ላይ በስልክ የተቀረጸ፣ ድምፁ ጉሮሮው የታነቀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አይቶ «ቀረጻው አይረባም» ማለት ግፍ ነው። ለሠሩት ሰዎችም አንድ ሳንቲም አይደርስም። በይፋዊው ዩቲዩብ ስታዩ ግን እይታው ይቆጠርላቸዋል። የምትወዱት ድራማ ሁለተኛ ምዕራፍ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ይሄን አስቡበት።

ተሰብስቦ ማየት

አከራይ ሳሎን፣ ጎረቤት ቤት ወይም ካፌ። ወጪው ወይ ነጻ ነው፣ ወይ የሻይ ነው። ሰዓቱ የቴሌቪዥኑ ሰዓት ነው።

ችግሩ ሪሞቱ የእናንተ አለመሆኑ ነው። ድራማው ከሁለት ሰዓት ዜና ጋር ከተጋጨ ጋሼ ዜናቸውን አይለቁም። «ጋሼ፣ ዜናው ካለቀ ቻናል እንቀይር?» ማለት ይቻላል፤ መልሱ ግን አየር ሁኔታውን ጨምሮ እስኪያልቅ ነው። ካፌ ከሆነ ደግሞ ኳስ ያለበትን ማታ እርሱት።

ቢሆንም ለኮሜዲና ለቤተሰብ ድራማ ይሄን የሚያህል የለም። እትዬ በመሃል «ይቺ ልጅ ተንኮለኛ ናት፣ ዓይኗን አታይም?» ስትል ደራሲው ያልጻፈው ምዕራፍ ይጨመርበታል። ለምርመራና ለወንጀል ድራማ ግን አይሆንም። እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ካመለጠ ታሪኩ ያመልጣል፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሁሌም አንዱ «ይሄ ማነው?» ይላል።

ቆይቶ በአንድ ጊዜ መጨረስ

ምዕራፉ ሲያልቅ ከክፍል አንድ ጀምሮ በሁለት ቅዳሜ መጨረስ ነው። ጓጉቶ ሳምንት መጠበቅ የለም። ድራማው በመሃል ቢቋረጥም አትናደዱም፤ እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ያጋጥማል። ዋጋው ዝምታ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲያወራ «እንዳትነግሩኝ!» እያሉ ጆሮ መያዝ ነው። ወይዘሮዎች ቡና ላይ ስለ ድራማው ሲያወሩ ተነስቶ የሚወጣ ሰው ደግሞ ትንሽ ይታዘቡታል።

የውጭዎቹስ?

የውጭ ተከታታይ የሚከታተል ሰው ሰዓቱን ይቁጠር። ኒው ዮርክ እሁድ ማታ በፈረንጅ 9 ሰዓት የሚጀምር ክፍል እኛ ጋ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። የእነሱ ቅዝቃዜ ሲገባ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 11 ሰዓት ይሆናል። ኔትፍሊክስ የራሱን አዲስ ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው በካሊፎርኒያ እኩለ ሌሊት ነው፤ ለእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት 5 ሰዓት ማለት ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ለቅዳሴ ካልሆነ አይመከርም። ማታ ተረጋግታችሁ እዩት። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ መሆኑ ደግሞ ብዙውን ሰው ከበሩ ይመልሰዋል።

በአንድ ዓይን

| መንገድ | ክፍል አንድ መቼ ይደርሳል | ወጪ | መብራት ሲጠፋ | መመለስ ይቻላል? | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|
| ነጻ ሳህን | በሰዓቱ | አንዴ ብቻ | ይቆማል፤ በባትሪ ይሠራል | ፍላሽ ላይ ከተቀዳ | ለቤተሰብ፣ ለገጠር |
| ዴኮደር | በሰዓቱ | በየወሩ | ይቆማል፤ በባትሪ ይሠራል | ድጋሚው ብዙ ነው | ለዕለታዊ ድራማ |
| ዩቲዩብ | ከሰዓታት እስከ ቀናት | በየክፍሉ ዳታ | ኔትወርክ ካለ ይሠራል | አዎ፣ በደንብ | ለብቸኛ ተመልካች |
| ፍላሽና ቴሌግራም | ዘግይቶ | በጣም ትንሽ | ይሠራል | አዎ | ለቆየ ምዕራፍ |
| ተሰብስቦ | በሰዓቱ | የሻይ | እንደ ቤቱ | አይቻልም | ለኮሜዲ |
| ቆይቶ መጨረስ | ከወራት በኋላ | እንደ መንገዱ | እንደ መንገዱ | አዎ | ለሥራ ለበዛበት |

ፍርዱ መቼ ይሰጥ?

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይላሉ። ክፍል አንድ ላይ የምንሰጠው አስተያየት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ግን ሁሉም ተከታታይ እኩል ትዕግሥት አይገባውም።

ወደ አማርኛ የተመለሱትን የቱርክ ተከታታዮች እንውሰድ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ለምደናቸዋል። የቱርክ ድራማ በአገሩ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ይቆራረጣል። ስለዚህ እኛ «ክፍል አንድ» ብለን ያየነው የእነሱ ክፍል አንድ ሲሶ ገደማ ነው። መጨረሻው ድንገት ቢቆረጥ፣ ዋናው ሰው ገና ብቅ ባይል አይገርምም። ለእነዚህ አንድ ሳምንት ስጧቸው።

የአሜሪካ ጣቢያዎች የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ለሙከራ ተብሎ ከቀሪው ቀደም ብሎ የሚቀረጽ ሊሆን ይችላል። ተዋናይ የሚቀየርበት፣ ቤቱ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። ሁለተኛውን ሳያዩ መወሰን ልክ አይመስለኝም።

የእኛ የሳምንት ድራማ ሦስት ክፍል ይበቃዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ካላወቅን በአሥረኛውም አናውቅም። የኮሜዲ ደግሞ ሁለት። ሁለት ጊዜ ያላሳቀ ሦስተኛ ጊዜ ማሳቁ ያጠራጥራል።

አዲስ ምዕራፍ ላይ ግን አልራራም። ሰዎቹን እናውቃቸዋለን፣ ታሪኩ ተጀምሯል፣ ለማስተዋወቅ የሚባክን ጊዜ የለም። ሁለተኛው ምዕራፍ በክፍል አንዱ ያለፈውን ቋጠሮ ካልነካ፣ ወይም ተዋናይ ቀይሮ ምንም ሳይል ካለፈ፣ ማታውኑ መናገር ይቻላል። ለዚህ ግን ያለፈውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለአዲስ ምዕራፍ ዩቲዩብ ከሳህን ይበልጣል፤ ለአዲስ ድራማ ሳህን ከዩቲዩብ ይበልጣል። በእኔ እይታ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ለእናንተ የቱ?

ደብረ ብርሃን ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ሠራተኞች፦ አከራይ ቤት ሳህን ካለ ክፍል አንድን እዚያ እዩ፤ ቀጣዮቹን በስልክ በ360 ጥራት። ለየብቻ ሳህን ማስተከል ቤት ስትቀይሩ ራስ ምታት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ አንዱ ያውርድ፣ ለሌላው በዜንደር ይላክ፤ ወጪውን በየተራ ተካፈሉ። ከይፋዊው ገጽ የሚያወርደው ልጅ ግን ሌሎቹን ሳይጠብቅ እንዳያይ ቃል አስገቡት።

ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነጻ ሳህንና ፍላሽ ይበቃዋል። ማታ ቀድታችሁ ቅዳሜ ከሰዓት እዩ። ልጆች ማየት የማይገባቸው ክፍል ከሆነም ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። በጾም ወራት ድራማ የምትተዉ ቤተሰቦችም በዚህ መንገድ አጠራቅማችሁ ከፋሲካ በኋላ ታያላችሁ።

መንዝ፣ መርሐቤቴ ወይም አንኮበር ገጠር ላላችሁ ወላጆች ልጆቻችሁ ከአዲስ አበባ ስልክ ገዝተው ከሚልኩላችሁ አንድ ሶላርና ባለ 12 ቮልት ቴሌቪዥን ይላኩ። ሳህኑን ወደ ኢትዮሳት አስተክሉት።

ካፌ ላላችሁ ደግሞ፦ ሳህኑም ዴኮደሩም ካላችሁ የድራማውን ቀንና ሰዓት ከዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ ለጥፉ። ኳስ ያለበት ቀን ከሆነ በሁለተኛው ቴሌቪዥን ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ ያለ ድምፅ ያየ ደንበኛ ነገ ድራማው አይረባም ብሎ ያወራል። ድጋሚው በማግስቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ አጣሩና እሱን ለጥፉ።